መሪው ላላ፤ የላላው ግን መሪው አይደለም

ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ኑሮ ውድነት ሲጽፍ የኖረ ሰው ብድግ ብሎ ስለ አሮጌ መኪና መሪ ልጻፍ ሲል «ይህ ሰውዬ ምን ነካው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጉዳዩ ግን ሰው የሚሞትበት ጉዳይ ነው። ሰው የሚሞትበት ጉዳይ ደግሞ፣ በጥይትም ይሁን በጎማ፣ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ የመንግሥት ጉዳይ ከሆነም የእኔም የእናንተም ጉዳይ ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ለዘመድ ሠርግ ወደ ቁይ መሄድ ነበረብኝ። ቁይን ለማታውቁ፣ በምሥራቅ ጎጃም የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከጮቄ ሥር የተዘረጋ የእህል አገር። ታላቅ ወንድሜ አሮጌ ቶዮታ ፒክአፑን አዋሰኝ። ቁልፉን ሲሰጠኝ «መሪዋ ትንሽ ልል ናት፤ ትለምዳታለህ» አለኝ። የፊት መስተዋቷ ላይ የተለጠፈው ቦሎ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር፤ እኔም ቦሎውን አይቼ ልቤን አሳረፍሁ።

«ትለምዳታለህ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ እውነትም ለመድኋት። ሜዳ ላይ ልል መሪ እንደ ሰነፍ በቅሎ ነው፤ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ እያሉ ማስኬድ ይቻላል። የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። ያ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ሸለቆው ወለል ይወርዳል፤ መሬቱ ራሱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይሰምጣል፣ ይጎብጣል፤ ከወዲያ ደግሞ ጭነት ያጎበጠው ከባድ መኪና እያቃሰተ ይወጣል። ኩርባ ላይ ስደርስ መሪውን አዞራለሁ፤ መኪናዋ አትሰማም። አራት ጣት ያህል ባዶውን ከዞረ በኋላ ድንገት ትሰማለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከሚገባው በላይ አዙሬአለሁ። ልመልሳት ስል እንደገና አራት ጣት ባዶ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ሸሚዜ በላብ ርሶ ነበር፤ ያላበኝ የበረሃው ሙቀት ብቻ አልነበረም።

ከደጀን በቢቸና በኩል አድርጌ ቁይ ስገባ፣ ከሠርገኛው ቤት በፊት የጠየቅሁት የመካኒክ ቤት ነበር።

* * *

የወሰዱኝ አንድ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ጋራዥ የሚያሰኘው አንድ ክሪክ፣ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ፣ አንድ የቁልፍ ሣጥንና በዘይት የጠቆረ መሬት ነበር። መካኒኩ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ወጣት ነው። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቆ፣ አዲስ አበባ ሥራ ፈልጎ አጥቶ፣ ወደ አገሩ የተመለሰ መሆኑን በኋላ አጫወተኝ። እኔም እንደ ከተሜ ልማዴ «መሪው ተበላሽቷል፤ መሪውን ሥራልኝ» አልሁት።

«ጋሼ፣ መሪውማ ምንም አልሆነም» አለኝ፣ ገና መኪናዋን ሳይነካት። «መሪው ክብ ብረት ነው፤ ምን ይሆናል? የሚላላው ከመሪው በታች ያለው ነው። ይግቡና ይቀመጡ፤ ጎማው መሬት ላይ እንዳለ መሪውን ግራና ቀኝ ቀስ እያሉ ያወዛውዙልኝ።»

እርሱ ከሥር ገባ። እኔ አወዛውዛለሁ፤ እርሱ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእጁ እየጨበጠ ያዳምጣል። ከዓይኑ ይልቅ እጁን ነበር የሚያምነው። ጥቂት ቆይቶ እኔን ወደ ታች ጠራኝና የሠርግ ልብሴን ሳልሳሳለት ከጎኑ ተጋደምሁ። ከመሪው እስከ ጎማው ያለውን መንገድ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

እንደኔው ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። መሪውን የያዘው ዘንግ ወርዶ ወደ መሪው ሣጥን ይገባል። በሣጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች የእጃችንን ብዙ ዙር ወደ አንድ አጭር ግን ብርቱ ግፊት ይለውጡታል። ከሣጥኑ አንድ ክንድ ይወጣል፤ ክንዱ አንድ አግዳሚ ዘንግ ይገፋል፤ የዘንጉን ሌላኛውን ጫፍ ከማዶ ሌላ ክንድ ይደግፈዋል፤ መካኒኮቹ አይድለር ይሉታል። ከአግዳሚው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች ታይሮድ ይባላሉ፤ በየጫፋቸው በግራሶ የተሞላ፣ በጎማ ሽፋን የታሸገ የብረት ኳስ አለ። ከዚያ ወዲያ ቦል ጆይንትና የጎማው ኩሽኔታ ይከተላሉ። እንግዲህ ከእጃችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ትእዛዙ የሚተላለፍባቸው መገጣጠሚያዎች ከአሥር በላይ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ የምትፈጠር ጥቂት ልልነት ከሌላው ጋር ትደመራለች፤ ከታች አንድ ሚሊ ሜትር የሆነችው ደግሞ በሣጥኑ ጥርሶች በኩል ወደ ላይ ስትመጣ መሪው ጠርዝ ላይ ብዙ እጥፍ ሆና ትታያለች። የእኔ አራት ጣት ከአንድ ቦታ የመጣ አልነበረም።

ወጣቱ ሦስት ነገር አገኘ። መጀመሪያ፣ የአይድለሩ ቡሽ ተበልቶ ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች ይጫወት ነበር። ሁለተኛ፣ የቀኙ ታይሮድ ጫፍ የጎማ ሽፋኑ ተቀድዶ አቧራ ገብቶበት፣ ግራሶው ጭቃ ሆኖ፣ ኳሱ በቤቱ ውስጥ እንደ ሻኩራ ይንኳኳ ነበር።

ሦስተኛውን ሲያይ ግን ዝም አለ። ከዚያ «ይቺን ማነው ያጠበቃት?» አለኝ።

በመሪው ሣጥን ራስ ላይ አንዲት ማስተካከያ ቡሎን አለች። የጥርሶቹ መቀራረብ የሚስተካከለው በእርሷ ነው። መኪና አብዛኛውን ዕድሜዋን የምትሄደው ቀጥ ብላ ስለሆነ፣ ጥርሶቹም የሚበሉት መሐል ለመሐል ነው፤ ዳር ዳሩ ብዙም አይነካም። ሰነፍ መካኒክ ልል መሪ ሲመጣለት ከሥር ገብቶ መገጣጠሚያ አይፈልግም፤ ያቺን ቡሎን ያጠብቃታል። ቀጥ ብሎ ሲሄዱ ልልነቱ የቀነሰ ይመስላል። ኩርባ ላይ ግን ያልተበሉት ጥርሶች ይፋፈጋሉ፤ መሪው ይከብዳል፤ ከታጠፈ በኋላም በራሱ ወደ መሐል አይመለስም። የዓባይ ኩርባ ላይ መኪናዋ አልመለስ ያለችኝ ለዚህ ነበር። የላላውን መሐል አጠብቃለሁ ብሎ ያልላላውን ዳር ማነቅ ማለት ይህ ነው።

ወንድሜ ዘንድ ደወልሁ። ቦሎ ከማሳደሱ በፊት አንድ ጋራዥ ወስዷት እንደነበርና «ለምርመራው የሚሆን» ሥራ እንደሠሩለት ነገረኝ። የምርመራውም ነገር ግማሽ ሰዓት አልፈጀም አለኝ፤ ፍሬን ታየ፣ መብራት ታየ፣ መሪውን አንድ ሰው ግራና ቀኝ ነቅነቅ አደረገው፣ ወረቀቱ ተመታ። ከሥሯ የገባ ሰው አልነበረም።

* * *

ጥገናው ሁለት ቀን ወሰደ። ዕቃው ከደብረ ማርቆስ በማግሥቱ በአውቶቡስ መጣ። ወጣቱ አዲሱን የታይሮድ ጫፍ ከካርቶኑ አውጥቶ ኳሱን በጣቱ ገፋው፤ ኳሱ ያለ ችግር ወዲያና ወዲህ ወደቀ። «ይህ ገና ሳይገባ ያረጀ ነው» ብሎ መለሰው። ደኅና ኳስ በጣት ሲገፋ እንቢ ይላል፤ አዲስ ሆኖ የሚወድቅ ከሆነ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም ማንም ይሁን ማን ዋጋ የለውም። ሁለተኛው መጣ፤ ያኛው እንቢ አለ፤ ገባ። አሮጌውን ሲፈታ ስንት ዙር እንደዞረ ቆጥሮ ነበርና አዲሱንም በዚያው ቁጥር አስገባው። ዳዶውን አጥብቆ፣ እንዳይፈታ የምትይዘውን ኮፒሊያ አዲስ አደረገ፤ አሮጌዋን ቀጥ አድርጎ መመለስን «ነፍስ ማጥፋት» ነው የሚለው። የተጠበቀችውን የሣጥን ቡሎን አላላና፣ መሪው ከጥግ እስከ ጥግ ሳይከብድ እስኪዞር ድረስ ቀስ በቀስ መለሳት። የአላይመንት ማሽን በቁይ አልነበረም፤ በሲባጎ፣ በጠመኔና በሜትር የፊት ጎማዎቹን የፊትና የኋላ ርቀት ለክቶ አስተካከለ፤ «አዲስ አበባ ሲገቡ ማሽን ላይ ያስለኩት» ብሎም አስጠነቀቀኝ።

ስመለስ ያው ዓባይ፣ ያው ኩርባ ነበር። መኪናዋ ግን ገና ሳስብ ትሰማኝ ጀመር። የዕቃውም የጉልበቱም ዋጋ ተደምሮ ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ ያነሰ ነበር።

መኪና ያላችሁ ሁሉ ይህን ምርመራ ሰው ሳትጠሩ ልታደርጉት ትችላላችሁ። መጀመሪያ የጎማችሁን ነፋስ አስለኩ፤ መኪናው ወዳንድ ወገን የሚጎትተው ወይም የሚዋልለው በጎማ ምክንያት ከሆነ መሪው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ከዚያ ጎማዎቹን ቀጥ አድርጋችሁ፣ መሪው በኃይል የሚታገዝ ከሆነ ሞተሩን አስነሥታችሁ፣ መሪውን በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ አዙሩ። የፊት ጎማው መነቃነቅ እስኪጀምር ድረስ የመሪው ጠርዝ ስንት ሄደ? የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት በብዙ ሞዴሎች ላይ የሚፈቅዱት ከፍተኛው ልክ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት ጣት አይሞላም። ከዚያ ካለፈ አንድ ሰው መሪውን እያወዛወዘ ሌላው ከሥር ይይ፤ ማንኛው ዘንግ ሲንቀሳቀስ ማንኛው ዘግይቶ እንደሚከተል በእጅ ይታወቃል። ቀጥሎ መኪናውን በክሪክ አንሥታችሁ፣ ከሥሩም ጠንካራ ድጋፍ አድርጋችሁ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ ቦል ጆይንት ወይም ኩሽኔታ ነው። ሰው ፍሬን ሲረግጥ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው። ግራና ቀኙን ይዛችሁ ስትነቀንቁ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ታይሮዱን ጠርጥሩ። የመሪውን ሣጥን ከሻንሲው ጋር የያዙትንም ቡሎኖች አትርሱ፤ እነርሱ ከላሉ ሌላው ሁሉ ቢታደስ ዋጋ የለውም። የሣጥኗ ማስተካከያ ቡሎን የምትነካው ይህ ሁሉ ታይቶ ካለቀ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ችግሩን ደበቀ እንጂ አላዳነም።

* * *

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

ሕጉ የለም አይደለም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪ በየዓመቱ ቴክኒካዊ ምርመራ እንዲደረግለት ደንግጓል። ቦሎ የምንላት ወረቀት የዚያ ምርመራ ምልክት ናት። ስለዚህ ላይኛው እጅ መሪውን አዙሯል። ታች ያለው ጎማ ግን አልዞረም። ለምን ቢባል፣ መካከል ላይ ያሉት መገጣጠሚያዎች፣ ማለትም ከመኪናው ሥር ገብቶ የሚያይ መርማሪ፣ ልኬቱ የሚጻፍበት ቅጽ፣ እውነተኛው ዕቃ ከሐሰተኛው የሚለይበት ቁጥጥር፣ በየገጠሩ ከተማ ያለው መካኒክ፣ ሁሉም እያንዳንዳቸው በጥቂት በጥቂቱ ላልተዋል። አዋጁ አራት ጣት ባዶውን ይዞራል ማለት ነው።

የዚህ ዋጋ በሰው ነፍስ ይከፈላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በአገራችን የመንገድ አደጋ የሚገድለውን ሰው ከ100,000 ሕዝብ 26.7 ብሎ ገምቶ ነበር፤ በመንግሥት መዝገብ የሰፈረው ዓመታዊ ቁጥር ግን ከ5,000 የማይበልጥ፣ ከግምቱ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ሞቱን በትክክል ያልቆጠረ አገር የሞቱን ምክንያት በትክክል ይመዘግባል ብዬ እንዳምን አትጠብቁኝ። ከአደጋ በኋላ የምንሰማው ዜና አንድ ዓይነት ነው፦ ፍጥነት፣ ቅድሚያ አለመስጠት፣ የአሽከርካሪ ጥንቃቄ ጉድለት። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ገደል የገባውን መኪና የታይሮድ ጫፍ ፈትቶ ያየ ማን ነው? ኩርባ ላይ አራት ጣት የዘገየው መሪ በመዝገቡ ላይ «የአሽከርካሪ ስሕተት» ሆኖ ይጻፋል። እኔም በዚያ ጥር ዓባይ ገብቼ ቢሆን ኖሮ «በፍጥነት ሲያሽከረክር» ተብዬ በተቀበርሁ ነበር። ሕዝቡ ለአንዱ የጭነት መኪና «ቀይ ሽብር»፣ ለሌላው «አልቃይዳ» ብሎ ስም አውጥቷል። ልብ በሉ፣ ስም የወጣለት መኪናው ነው፤ ከሥሩ ላለው ልል መገጣጠሚያ ስም ያወጣለት የለም።

«አሮጌ መኪና ነው ችግሩ፤ አሮጌ መኪና ይውደም» የሚሉ ወገኖች አሉ። መንግሥትም በዚሁ ሐሳብ በ2012 ዓ.ም. በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና በዕድሜው ልክ እየጨመረ የሚሄድ ከባድ ታክስ እንዲከፈልበት አደረገ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ከታገዱት 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል መኪና አንዱ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተለቅቆ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶውን አለፈ። የእነዚህን ውሳኔዎች ጥቅምና ጉዳት እዚህ አልከራከርም፤ የኤሌክትሪክ መኪናንም አልጠላም። የምለው ይህን ነው፦ አዲስ መኪና የመግዛት ተስፋ የራቀበት ሰው አሮጌውን አይጥለውም፤ ይጠግነዋል፣ ወይም ሳይጠግን ይነዳዋል። የእነዚህ ውሳኔዎች ሁሉ ድምር ውጤት መንገዳችን ላይ ያለው መኪና ዕድሜው እንዲረዝም፣ መለዋወጫውም እንዲወደድ ማድረግ ነው። አሮጌ መኪና እንዲኖር የፈረደ ፖሊሲ የአሮጌ መኪና ጥገና ፖሊሲ ከሌለው ሥራው ግማሽ ነው።

ይህ ደግሞ ቁይን በመሰሉ ከተሞች ላይ ይብሳል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገድ በየጊዜው ይዘጋል። በእኔ ጊዜ ዕቃው ከደብረ ማርቆስ በማግሥቱ ደረሰ፤ መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ግን ያ ወጣት ምን ያደርጋል? መኪናው ቆሞ አይጠብቅም፤ ወላድ ያደርሳል፣ እህል ያወጣል፣ ሬሣ ያመጣል። ስለዚህ የተበላው ኳስ ሥር ቁራጭ ቆርቆሮ ይገባና መኪናው ይሄዳል። ሰላም ሲጠፋ የሚላላው የጎማ መገጣጠሚያም ጭምር ነው።

* * *

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ላንሣ። የጋራዥ ቋንቋችን በአመዛኙ ከጣልያንኛ የመጣ ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካንዴላ፣ ቦሎና ሊብሬ ሳይቀሩ የመጡት ከዚያ ነው። በእጃችን የምንይዘውን ክብ ነገር ግን ማንም እንዲያወጣልን አልፈቀድንም፤ መሪ አልነው። አገር የሚመራውንም መሪ እንለዋለን። ይህ አጋጣሚ ብዙ ቀልድ ወልዷል፤ እኔ ግን ቀልዱን ትቼ ትምህርቱን እወስዳለሁ።

መኪናችን አልታዘዝ ባለ ቁጥር መሪውን መቀየር ልማዳችን ሆኗል። በ1966 ቀየርን፤ በ1983 ቀየርን፤ በ2010 ቀየርን። በየጊዜውም «አሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች» ብለን ተሳፈርን፤ ኩርባው ጋ ስንደርስ ያው አራት ጣት ጠበቀን። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላል ተረታችን። ለዓሣ ልክ ሊሆን ይችላል። ለመኪና ግን አይሠራም። የመኪና ልልነት ማንም ዝቅ ብሎ በማያይበት፣ በጭቃና በአቧራ በተሸፈነ መገጣጠሚያ ይጀምራል፤ እጃችን የሚሰማው የብዙዎቹን ድምር ነው። ትእዛዙ ከላይ መልካም ሆኖ ሳለ ወረዳ ላይ ሌላ ነገር ሆኖ ሲገኝ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ላይ ሲቀር፣ አዋጁ መርማሪው ጋ ሲደርስ ማኅተም ብቻ ሲሆን፣ ያ ሁሉ ኳስና ቡሽ ነው። መሐሉ በላላ ቁጥር የሣጥኑን ቡሎን ማጥበቅም እንደዚያው ነው፤ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ያልን ይመስለናል፣ ኩርባው ላይ ግን አልመለስ እንላለን።

ይህን ስል የያዘውን እጅ ነፃ ማውጣቴ አይደለም። መኪናዋን የሚነዳው «ልል ናት» ብሎ እያወቀ ወደ ባሕር ዛፉ ጥላ ካልወሰዳት ጥፋቱ የእርሱ ነው። ኳሱ ራሱን አይቀይርም። የመሪ ተግባር ከሥር ገብቶ ማየት፣ ወይም ከሥር ገብቶ የሚያየውን ሰው ማመን ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትልቅ ገንዘብ የማይጠይቁ አራት ነገሮች አሉኝ።

አንደኛ፣ የዓመት ምርመራ ሁለት ሰው ይሥራው፤ አንዱ መሪውን ይያዝ፣ ሌላው ከሥር ይግባ። የተለካው ልልነት በሚሊ ሜትር ተጽፎ፣ የትኛው መገጣጠሚያ እንደላላ ተገልጾ ለባለ መኪናው በእጁ ይሰጠው። «አልፏል» የምትል ማኅተም መረጃ አይደለችም። ቁጥር የጻፈ መርማሪ በቁጥሩ ይጠየቃል።

ሁለተኛ፣ የመሪና የፍሬን መለዋወጫ ከጌጥ ዕቃ ተለይቶ ቀረጡ ዝቅ ይበል፤ ጥራቱ ግን ከሌላው ሁሉ በላይ ጥብቅ ቁጥጥር ይደረግበት። ሶማሌ ተራ ላይ አንድ ዓይነት ካርቶን ለብሰው ጎን ለጎን የተደረደሩትን እውነተኛና ሐሰተኛ ዕቃዎች በዓይን መለየት ለመካኒክም ይከብዳል፤ ለገዢው ደግሞ ልዩነቱ የሚገለጽለት ገደል አፋፍ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ በየገጠሩ ከተማ ያለው መካኒክ ይታወቅ። ያ የቁይ ወጣት ከብዙ የከተማ ጋራዥ የተሻለ እጅና የተሻለ ኅሊና አለው፤ ያጣው ጉድጓድ፣ መለኪያና ሕጋዊ ስም ነው። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ምሩቃኖቻቸውን በየጊዜው እየጠሩ ቢያድሷቸው፣ ወረዳውም የመሥሪያ ቦታ ቢሰጣቸው፣ ሰው ከሚሰደድበት ከተማ ባለሙያ የሚቀርበት ከተማ ይሆናል።

አራተኛ፣ ሰው የሞተበት አደጋ ሁሉ መኪናው ተፈትቶ ይታይ፤ ቅጹም የመሪን፣ የፍሬንንና የጎማን ሁኔታ የሚጠይቅ ይሁን። ያልተጠየቀ ጥያቄ አይመለስም። የሞተውን አሽከርካሪ መውቀስ ቀላል ነው፤ ሞቶ ስለማይከራከር።

እነዚህን የሚሠራ ሰው ሐውልት አይቆምለትም። የታይሮድ ጫፍ ሲቀየር ሪባን አይቆረጥም። ለዚህም ይመስለኛል ሳይሠራ የሚቀረው። አባቶቻችን ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

* * *

መጀመሪያ ላይ ወንድሜ «ትለምዳታለህ» ያለኝን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። መኪናዋን መልሼ ስሰጠው ጥቂት ነድቶ አቆመና «ምን አደረግሃት? መሪዋ ከበደኝ» አለኝ። አልከበደችም ነበር። መሪው መዞር በጀመረበት ቅጽበት ጎማው ስለሚዞር እንግዳ ሆነችበት እንጂ። ለዓመታት አራት ጣት አስቀድሞ ማዞርን፣ ከዚያም ቸኩሎ መመለስን እጁ ተምሮ፣ ጤነኛ መኪና በሽተኛ መሰለችው። ሳምንት ሙሉ በየመንገዱ ትንሽ ትንሽ ሲዋልል ሰነበተ፤ ከዚያ እጁ ተመለሰ።

ከመገጣጠሚያው ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህ መልመዳችን ነው። ቦሎ ወረቀት መሆኑን ለምደናል፤ ሕግ ታች ሲደርስ መላላቱን ለምደናል፤ በየማለዳው የአደጋ ዜና ሰምተን ቡናችንን መጠጣት ለምደናል። ልል መሪ የሚገድለው አሽከርካሪው ከለመደው በኋላ ነው። እናንተም ዛሬ ማታ መኪናችሁ ዘንድ ውረዱና በሁለት ጣት ለኩት። ሁለት ጣት ካለፈ አትልመዱት።

ቸር እንሰንብት።